ዳገታማ ጎዳናን ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለታክሲ ተሳፋሪ እንደገና መንደፍ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ተከትላ ያደገች ከተማ ናት። በዋናው መንገዷ ላይ አገር አቋራጩ የጭነት መኪና፣ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ የሚመላለሰው ባጃጅ፣ ከሰኞ ገበያ ዕቃ ተሸክማ የምትመለሰው እናትና ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ተማሪ አንዱን አስፋልት ይሻማሉ። እንዲህ ያለውን ጎዳና ለማሻሻል የተነሣ መሐንዲስም ሆነ የቀበሌ ኮሚቴ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው የወርድ ክፍፍሉን ቅደም ተከተል ነው፤ እግረኛውና የጎርፍ ቦዩ ይቀድማሉ፣ ፌርማታውና ብስክሌቱ ይከተላሉ፣ መኪና የሚያገኘው የተረፈውን ነው። በተለምዶ የሚሠራው የዚህ ግልባጭ በመሆኑ፣ አስፋልቱ ተለክቶ ካለቀ በኋላ የምትቀረው ጠባብ ጠርዝ ለእግረኛ ትተዋለች።

ከንድፍ በፊት ቆጠራ ያስፈልጋል። በአንድ ተራ ቀን ብቻ የተሠራ ቆጠራ ስለሚያሳስት፣ ሰኞ በገበያ ሰዓት፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በንግሥ በዓል ጠዋት፣ እንዲሁም ተማሪዎች ፈረቃ በሚቀያየሩበት እኩለ ቀን ላይ ይቁጠሩ። የሚቆጠረው ተሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን ሰው ነው፤ ሰው የሚያቋርጥበት ትክክለኛ ቦታም በካርታ ላይ ምልክት ይደረግበት። ዜብራው በአንድ በኩል ተቀብቶ ሕዝቡ በሌላ በኩል የሚሻገር ከሆነ፣ መዛወር ያለበት ዜብራው ነው።

ወርዱን ሲለኩ ከአስፋልት ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይሆን ከግንብ እስከ ግንብ ይለኩ። ለምሳሌ 18 ሜትር ስፋት ያለው ጎዳና ቢኖር፣ በግራና በቀኝ ለእግረኛ በየጎኑ 3 ሜትር፣ ለቦይ፣ ለዛፍና ለመብራት ምሰሶ በየጎኑ 1.5 ሜትር፣ ለሁለት የመኪና መስመሮች እያንዳንዳቸው 3.25 ሜትር፣ በዳገቱ አቅጣጫ ለብስክሌት ከመለያው ጋር 2.5 ሜትር ቢሰጥ ድምሩ በትክክል ይሞላል። ምሰሶው፣ የሊስትሮው ወንበርና የጉሊት መደቡ በ1.5 ሜትሩ ውስጥ ስፍራ ካልተያዘላቸው እግረኛው መሄጃ ላይ መውጣታቸው አይቀርም። ጉሊቷን ማባረር ንድፍ አይደለም፤ ቦታ መስጠት ግን ንድፍ ነው።

በዳገታማ ከተማ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የሱቅ ደጃፍ ነው። እያንዳንዱ ባለ ሱቅ መግቢያውን ለማስተካከል የራሱን ሲሚንቶ ስለሚያፈስ፣ የእግረኛው መንገድ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው በደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ይሆናል። ሸክም የያዘ ሰው፣ ክራንች የሚጠቀምና ሕፃን ያዘለች እናት ያን ደረጃ ትተው ወደ አስፋልቱ የሚወርዱት ከግድየለሽነት ሳይሆን ሌላ መሄጃ ስለሌላቸው ነው። መፍትሔው መሄጃውን የጎዳናውን ተዳፋት ተከትሎ ያለ ደረጃ ማስኬድና የከፍታውን ልዩነት በሱቁ መግቢያ በኩል መጨረስ ነው፤ ይህም ከባለ ሱቆቹ ጋር በር በበር መነጋገርን ይጠይቃል። የቦዩ ክዳን ከመሄጃው ወለል ጋር እኩል ይሁን፤ ለጽዳት የሚነሣ፣ ግን የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ የማያነሣው ክብደት ይኑረው። በማቋረጫዎች ላይ የሚሠራው መውረጃ ደግሞ ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት በሚሰጥ ስሌት ይዘርጋ።

የማቋረጫውን ጉዳይ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት 14 ሜትር አስፋልት ለመሻገር 14 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በዚያው ጊዜ 190 ሜትር ያህል ይጓዛል። አስፋልቱ ወደ 6.5 ሜትር ጠብቦ ፍጥነቱ 30 ቢሆን ግን መኪናው የሚጓዘው 54 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሾፌሩም አዛውንቱም ለመተያየት ጊዜ ያገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል፤ ቁልቁለት ላይ የመንገድ ምልክት ብቻውን ፍጥነት አይቀንስም። ስለዚህ ዜብራውን እስከ እግረኛው መንገድ ከፍታ ማንሣት፣ የመታጠፊያውን ማዕዘን ማጥበብ፣ ሰፊ በሆነው ክፍል መሀል ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው መቆሚያ ደሴት መሥራት ያስፈልጋል። ከማቋረጫው አጠገብ መኪናም ባጃጅም እንዳይቆም በድንጋይ ይከለል፤ የቆመ መኪና ሕፃንን ይጋርዳልና።

ብስክሌትን በሚመለከት ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም። ደሴ ላይ ዳገት የሚወጣው ብስክሌተኛ ዝግ ብሎ ስለሚወላገድ የተለየ መስመር የሚያስፈልገው በመውጫው በኩል ነው፤ ሲወርድ ፍጥነታቸው ከተገታ መኪኖች ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። በቦርከና ሜዳ ላይ የተዘረጋችው ኮምቦልቻ ግን በሁለቱም አቅጣጫ 2 ሜትር መስመር ይገባታል፤ የኢንዱስትሪ ሠራተኛ ያላት ከተማ ናትና ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት ጥቅሙ ከፍ ይላል። ወደ ባቲና ሚሌ የሚዞሩት ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት ቦታ መለያው ቀለም ሳይሆን የጠርዝ ድንጋይ መሆን አለበት።

ፌርማታው ከማቋረጫው አለፍ ብሎ ይሁን፤ ወርዶ የሚሻገረው ሰው ከታክሲው ፊት ሳይሆን ከኋላው እንዲያልፍ ያደርጋል። ጥላና መቀመጫ ቢኖረው፣ ዝናብ የሸሸ ተሳፋሪ በሱቅ በር ላይ አይከማችም።

ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ንድፉን በቀለም፣ በአበባ ማሰሮና በትልልቅ ድንጋዮች መሞከር ይቻላል፤ በአዲስ አበባ ለገሃር መጋጠሚያ ላይ እንዲህ ተደርጓል። ቀለሙ እንዲቆይ ሥራው ጥቅምት ላይ ይጀመር። አውራ ጎዳናው በፌደራል ደረጃ የሚተዳደር ስለሆነ ከከተማ አስተዳደሩ ሌላ ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ጋር ቀድሞ መስማማት ይገባል፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ለጥያቄው ጥሩ ድጋፍ ነው። የሙከራው ንድፍ እንደተዘረጋ በእነዚያው ቀናትና ሰዓታት እንደገና ይቁጠሩ፤ ሰዎች አሁንም ከመሄጃው የሚወርዱበት ቦታ ካለ ድንጋዩን እዚያ አዛውረው፣ ቋሚው ግንባታ ከመጀመሩ በፊት አንድ ክረምት የውሃውን አካሄድ ይመልከቱ።