የስካይዳይቪንግ ተማሪዎች ከመነጽር ጋር በተያያዘ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ከአውሮፕላን በ13,500 ጫማ (4,100 ሜትር ገደማ) ከፍታ ላይ የዘለለ ተማሪ በ5,500 ጫማ ላይ ፓራሹቱን እስኪከፍት ድረስ ያለው ጊዜ ከ45 እስከ 50 ሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ያለው ነፋስ ፊቱን ይመታዋል። በሆዱ ተዘርግቶ ስለሚወርድ ነፋሱ የሚመጣበት ከታች፣ ከምድር በኩል ነው። ከነፋስ መከላከያው መነጽር ጋር የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው የሚነሳው ይህን ከመዘንጋት ነው። መነጽሩ ደግሞ ዓይን እንዳይቆጠቁጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ዋና ሥራው እጅ ላይ የታሰረው አልቲሜትር (ከፍታ መለኪያ) እንዲነበብ ማድረግ ነው።

ከሌላ ስፖርት መነጽር መዋስ

የዋና መነጽር ነፋስ አያስገባም፤ ነገር ግን የጎንና የታች እይታን ያጠባል። ተማሪ ደረቱ ላይ ያሉትን ሁለት እጀታዎች፣ በቀኝ ያለውን፣ ዋናው ፓራሹት ሲበላሽ ከሰውነት የሚለቀቅበትንና በግራ ያለውን የመጠባበቂያውን መክፈቻ፣ በቀላሉ ማየት አለበት። የበረዶ ሸርተቴና የሞተር ብስክሌት መነጽሮች ደግሞ ፍሬማቸው ወፍራም ስለሆነ ቁልቁል ያለውን ይጋርዳሉ፤ ትልቅ በመሆናቸውም ነፋስ ይይዛቸዋል። ተራ የፀሐይ መነጽርማ ከአውሮፕላኑ በር ሲወጡ ነው የሚበረው። የሚፈለገው ቀላል፣ ፖሊካርቦኔት ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ጠርዙ ለስላሳና ላስቲኩ የሚስተካከል መነጽር ነው። ዋጋው ከሌላው ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ የመዝለያ ጣቢያዎችም ለተማሪ ያውሳሉ። የሚያውሱት ብዙ ሰው የተጠቀመበት ስለሆነ ግን የተሰጠዎትን የመጀመሪያውን ዝም ብለው አይቀበሉ፤ ሁለት ሦስቱን ይሞክሩ።

ያለ ሄልሜት መለካት

ብቻውን ሲያደርጉት ልክክ ያለው መነጽር ሄልሜት ሲጨመርበት ሌላ ይሆናል። የሄልሜቱ ጠርዝ ግንባር ላይ ሲያርፍ መነጽሩን ከላይ ይጫነዋል፤ ያን ጊዜ የታችኛው ጠርዝ ከጉንጭ ላቀቅ ይላል። ነፋሱ የሚገባው በዚችው ክፍተት ነው። መሬት ላይ ሳሉ የማትታይ ክፍተት አየር ላይ ዓይንን በእንባ ትሞላለች።

ስለዚህ ሄልሜቱን አጥልቀው፣ ማሰሪያውንም ከአገጭ ሥር አስረው ይሞክሩት። በሆድዎ ተኝተው ልክ እንደ ልምምዱ አገጭዎን ቀና ያድርጉና ሰው ከታች በኩል የመነጽሩን ዙሪያ ይይልዎት፤ ብዙ ጊዜ ክፍተት የሚገኘው በአፍንጫ ግራና ቀኝ ነው። ከዚያ የታችኛውን ጠርዝ በጣት ወደ ላይ ገፋ ያድርጉት። ቆዳዎ አብሮ ከተነሳ ጥሩ ነው፤ ጠርዙ በቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ግን ላልቷል። በመጨረሻም አየር ላይ አብረዎት የሚዘልሉትን አሠልጣኞች እንደሚያዩ ሁሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዙሩ፤ ራስ ሲዞር ነፋሱ የጎኑን ጠርዝ ያገኘዋልና።

ፀጉርም ይታሰብበት። ሹሩባ የተሠራች ተማሪ ግንባሯ ላይ የሚጀምረው ጉንጉን የመነጽሩን ጠርዝ ስፖንጅ ከፍ አድርጎ ሊይዝባት ይችላል፤ ስፖንጁ ከፀጉሩ መነሻ ዝቅ ብሎ ቆዳ ላይ ማረፍ አለበት።

ላላ ተብሎ ላስቲኩን ማነቅ

ከመጠን በላይ የተሳበ ላስቲክ ሌንሱን ያጎብጠዋል። የጎበጠ ሌንስ አፍንጫ አካባቢ ይነሳል፣ የሚታየውንም ያዛባል። ልኩ የማይሆን መነጽር በማጥበቅ አይስተካከልም፣ ይቀየር።

ጥቁር ሌንስ

ለተማሪ ጥርት ያለው ሌንስ ይሻላል። አሠልጣኙ አየር ላይ ዓይንዎን አይቶ መረጋጋትዎን ይገምታል፤ ጥቁር ሌንስ ይህን ይነፍገዋል። አመሻሽ ላይ ሲዘለል ደግሞ አልቲሜትሩን ማንበብ ያስቸግራል።

የዓይን መነጽር ያላቸው ተማሪዎች

የማያ መነጽሩን አውልቆ መዝለል አይሆንም፤ ማረፊያውን ማየት አለብዎት። ከላይ የሚደረብ ጥልቅ መነጽር አለ፤ የውስጡ መነጽር ዘንጉ ቀጭን ቢሆን ይመረጣል፣ ወፍራም ዘንግ ሄልሜቱ ሥር ይቆረቁራል፣ ጠርዙንም ያነሳዋል። ዓይን ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ያለ ችግር ይሆናል፤ መለዋወጫ ይያዙ። ጠንካራው ኮንታክት ግን ትንሽ አቧራ ሥሩ ከገባች ዓይን አያስከፍትም፤ እንደ ዱባይ በረሃ ባለ አሸዋማ ቦታ ለሚማር ሰው አይመከርም።

ከመነሻው ጀምሮ ዓይን ላይ ማድረግ

አውሮፕላኑ እስኪወጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው፣ ተማሪው በፍርሃትም በሙቀትም ያልበዋል። በ4,000 ሜትር ላይ ደግሞ ከመሬቱ በ25 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሞቃት እስትንፋስ ቀዝቃዛ ሌንስ ሲያገኝ መነጽሩን ጉም ይይዘዋል። ግንባር ላይ ሰቅሎ ማቆየትም ያው ነው፣ ላብ ይጠጣል። አንገት ላይ ይንጠልጠል፤ በሩ ሊከፈት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አሠልጣኙ ሲያሳስብ ይደረግ። ላስቲኩ ከሄልሜቱ ሥር የሚውል ከሆነ መነጽሩ ይቀድማል፣ ሄልሜቱ ይከተላል፤ እንዲህ ሲሆን ላስቲኩ ተጭኖ ስለሚያዝ ተንሸራቶ አይወጣም።

አየር ላይ ከመነጽሩ ጋር መታገል

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። መነጽሩ ሲነሳ ሰው ሳያስበው እጁን ወደ ፊቱ ይሰዳል። አንድ እጅ ብቻ ሲሰበሰብ በሁለቱ ጎን ያለው የነፋስ ጫና ስለሚለያይ ሰውነት መዞር ይጀምራል፤ ተማሪው ሲዞር ይደነግጣል፣ ከፍታውንም ይረሳል። በዚያ ፍጥነት 1,000 ጫማ ለመውረድ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ብቻ ይበቃል፤ ላስቲክ ሲያስተካክሉ የሚያልፈው ጊዜ ይኸው ነው።

በአንዱ ዓይን ነፋስ ከገባ ያን ዓይን ጨፍነው በሌላው ያንብቡ። መነጽሩ ጨርሶ ከበረረም ዓይንን አጥብቦ ማየት ይቻላል፤ ያስለቅሳል እንጂ አያሳውርም። አልቲሜትሩ አልነበብ ካለ ግን ሳይጠብቁ ፓራሹቱን ይክፈቱ። ከታሰበው በላይ ከፍታ ላይ መክፈት ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከተከፈተ በኋላ ነፋሱ ይቀንሳል፣ ዓይንም ይመለሳል። ይህን ጉዳይ ከዝላዩ በፊት ከአሠልጣኙ ጋር በምልክት ጭምር ይነጋገሩበት።

ፓራሹቱ እንደተከፈተ ማውለቅ

ፓራሹቱ በሚገባ መከፈቱና መታዘዙ ሳይረጋገጥ መነጽር አይነካም። ብልሽት ካለ ዋናውን ፓራሹት ለመልቀቅ የሚወሰነው በአሜሪካው የፓራሹት ማኅበር መመሪያ ለተማሪ ከ2,500 ጫማ ሳይወርድ ነው፤ ዋናው ሲለቀቅ ደግሞ እንደገና በነፃ መውደቅ ይጀመራል። መነጽር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ጉም ይዞት ካስቸገረ፣ ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን ካዩ በኋላ ወደ አንገት ዝቅ ይደረጋል።

በቲሸርት መጥረግ

ሌንሱ ላይ ያለ አሸዋ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በውሃ ያለቅልቁት፣ ከዚያ በለስላሳ ሳሙና አጥበው በማይክሮፋይበር ጨርቅ ያድርቁት። አሴቶንና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አይንካው። የውስጡ ገጽ ጉም መከላከያ ከተቀባ ደግሞ አይታሽም፣ እርጥበቱ በጨርቅ ይመጠጣል እንጂ። ጭረቱ ከዓይን ፊት ለፊት ከሆነና በብርሃን ላይ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ከሆነ መነጽሩን ይጣሉት።