ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ በደብረ ብርሃን ብርድ

ደጋ ላይ የተገጠመ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት የሚያጣራ ማጣሪያ) የሚወጣው ውሃ ሲቀጥን ብዙ ሰው ሜምብሬኑን፣ ማለትም ጨው የሚያስቀረውን ስስ ሽፋን፣ አውጥቶ ይጥላል። ውድ ዕቃ ነው፤ ከመጣላችሁ በፊት ግፊቱንና የውሃውን ቅዝቃዜ ለኩ።

ሜምብሬን ውሃን ከጨው የሚለየው ውሃው በግፊት ሲገፋ ብቻ ነው። ቢያንስ 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይፈልጋል፤ ከ4 እስከ 5 ቢያገኝ ይሻላል። ሮቶ ግን በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ብቻ ይሰጣል፤ ከቧንቧው 4 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ግፊቱ 0.4 ባር ነው። ያለ ፓምፕ አይሆንም።

ካርቶኑ ላይ «በቀን 75 ጋሎን» (280 ሊትር ገደማ) የሚለው 25 ዲግሪ ለሞቀ ውሃ ነው። ውሃው አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ምርቱ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል፤ 14 ዲግሪ ላይ ሲሦው ይጎድላል። ያው ማጣሪያ ወደ ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ቶሎ ይሞላል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ሜምብሬን ውስጡ ውሃው በረዶ ከሠራ ይበላሻልና ማጣሪያውን ደጅ አትግጠሙ።

ተራው፦ ባለ 5 ማይክሮን የደለል ማጣሪያ፣ ካርቦን፣ ፓምፕ፣ ሜምብሬን፣ ማጠራቀሚያ፣ መጨረሻ ካርቦን። ካርቦኑ ከሜምብሬኑ የሚቀድመው ክሎሪኑን እንዲያስቀር ነው፤ ክሎሪን ሜምብሬኑን ይገድለዋል። በረኪናም ክሎሪን ስላለው፣ ሮቶ በበረኪና ስታጥቡ ወደ ማጣሪያው የሚሄደውን ቫልቭ ዝጉ፤ ሮቶው በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ሽታው እስኪጠፋ አትክፈቱ። አዲስ ካርቦን መጀመሪያ ጥቁር ዱቄት ስለሚተፋ፣ ከሜምብሬኑ ሳታገናኙ ውሃው እስኪጠራ በባልዲ አፍስሱ።

ሜምብሬኑን ሁለት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ባሉት ጫፍ አስገቡ፤ እስኪቀመጥ ግፉ። ቀለበቶቹን በውሃ አርጥቡ እንጂ ቫዝሊን አትቀቡ፣ ጎማውን ያሳብጠዋል። ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ አየሩ 0.5 ባር ይሁን፤ ሞልቶም ቀጥኖ የሚቀዳ ከሆነ አየሩ ጎድሎበታል። የመጀመሪያውን ሙሉ ማጠራቀሚያ ውሃ አትጠጡ፣ ድፉት።

በቲዲኤስ መለኪያ (በውሃው የሟሟውን ጨው የሚለካ) የሚገባውንና የሚወጣውን ለኩ። 400 ገብቶ ከ20 እስከ 40 ቢወጣ ጤናማ ነው። ወደ 100 ካሻቀበ መጀመሪያ ቀለበቶቹን እዩ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ሜምብሬኑ አልቋል። ማጠራቀሚያው ሞልቶም ፍሳሹ የማይቆም ከሆነ ጥፋቱ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ወይም ሲሞላ በራሱ የሚዘጋው መዝጊያ ነው።

ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 3 ሊትር ገደማ በፍሳሽ ቱቦው ይፈሳል። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ይህን ማፍሰስ ያሳዝናል፤ ቱቦውን ወደ በርሜል አዙሩት፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ይሆናል። የቱቦው አፍ ከበርሜሉ ውሃ በላይ ይንጠልጠል፤ ከተነከረ ቆሻሻው ወደ ኋላ ሊሳብ ይችላል።