ከቡፌ እስከ መለኪያ፦ አሮጌ የስኮትላንድ ውስኪ ስንቀምስ የምንሳሳተው

በብዙዎቻችን ሳሎን ከቡፌው መስታወት ጀርባ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ውስኪ አይጠፋም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ነው፤ ለልጅ ሠርግ ወይም ለምርቃት ይጠበቃል። እንግዳ ሲያየው ባለቤቱ «ይህ እኮ ሃያ ዓመት ሆኖታል» ይላል በኩራት። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ውስኪ የሚያረጀው በኦክ በርሜል ውስጥ ሳለ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ ዕድሜው እዚያው ላይ ይቆማል። «12 ዓመት» ተብሎ የታሸገ ውስኪ ቡፌ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢከርምም ያው የ12 ዓመት ውስኪ ነው። በሕጉ መሠረት ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም በውስጡ ከተቀላቀሉት ሁሉ የታናሹ ዕድሜ ነው።

ይህ ማለት ግን የድሮ ጠርሙስ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታሸገ የ12 ዓመት ውስኪና ዘንድሮ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ የ12 ዓመት ውስኪ ጎን ለጎን ሲቀመሱ ወንድማማች መሆናቸው እንኳ ያጠራጥራል። አንዱ ምክንያት በርሜሉ ነው። ቀድሞ ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን ወደ ብሪታንያ የሚጓዘው በበርሜል ስለነበር፣ ባዶው በርሜል ውስኪ ይሞላበት ነበር። በ1980ዎቹ ሼሪው እዚያው ስፔን እየታሸገ መላክ ሲጀምር ያ በርሜል ጠፋ፤ የዛሬው ለውስኪ ተብሎ በትዕዛዝ ሼሪ እንዲጠጣ የተደረገ በርሜል ነው። ማነጻጸር ካልቀረ እንዲህ ያለውን ማነጻጸር ነው፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዕድሜ፣ ሁለት ዘመን። ከሦስት ፋብሪካዎች የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ጠርሙሶች ደርድሮ «የቱ ይበልጣል?» ማለት በግና ዶሮ እንደ ማወዳደር ነው።

ቁጥር ማምለክ ሌላው ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ሸፍኜ ለወዳጆቼ የ12 እና የ30 ዓመት ውስኪ ቀዳሁላቸው። አንዱ ሠላሳውን አሽትቶ «የአናጢ ቤት ይሸታል» አለኝ፤ ዋጋውን ስነግረው ግን ወዲያው ጣፈጠው! ምላሱ የተናገረው እውነት ነበር። በርሜል ለውስኪው ጣዕም ይሰጣል፤ ሲበዛ ግን የእንጨት ምሬቱንም ይሰጣል። በዚያ ላይ በስኮትላንድ በየዓመቱ ሁለት በመቶ ያህሉ ይተንናል፤ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። እዚያ ባለው አየር ከጊዜ ጋር የአልኮል መጠኑም ይወርዳል፤ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ስኮች ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ ከመቅመስ በፊት መለያ ወረቀቱን መሸፈን ይበጃል። ቀለሙንም አትመኑት፤ ካራሜል ጨምሮ ማጥቆር በሕግ የተፈቀደ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ጥድፊያ ነው። አሮጌ ጠርሙስ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ እርጥብ ካርቶን ሊመስል ይችላል። ያን አሽትቶ «ተበላሽቷል» የሚል ሰው በአቦል ፈርዶ እንደሚነሣ ቡና ጠጪ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይቆይ። ካርቶኑ ይሄዳል፤ ማር ይመጣል፣ ከዚያ ከልክ ያለፈ የበሰለ ፍሬ፣ አንዳንዴም የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ። ብርጭቆው ከሥሩ ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ የአረቄ መለኪያ ለዚህ አይሆንም። ወጥ ቤት ቁሌት እየተቁላላ ከሆነ ደግሞ ቅምሻውን ለሌላ ቀን ማዛወር ነው።

ውሃ ላይ ሰዉ በሁለት ጎራ ይከፈላል፤ ሁለቱም ይሳሳታሉ። ጠብታ ውሃ ሽታን ይከፍታል። በ2017 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ውስኪው ሲቀጥን የጭስ ሽታ ያለው ጓያኮል የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ላይኛው ገጽ ይሰበሰባል። ነገር ግን 58 በመቶ አልኮል ያለው ውስኪ የሚችለውን ውሃ፣ በርሜል ውስጥ አርባ ዓመት ኖሮ 42 በመቶ የደረሰው አይችልም፤ ሰጥሞ ይቀራል። ከማንኪያ ጫፍ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ማሽተት፣ ከዚያ መወሰን። በረዶ ሽታውን ስለሚያፍነው ለቅምሻ አይሆንም።

ቅደም ተከተልም አለ። እንደ ሮዝባንክ ያለ ቀለል ያለ የቆላማው ስኮትላንድ ውስኪ ይቅደም፤ ከአይላ ደሴት የመጣው፣ ብቅሉ በጭስ የደረቀው ፖርት ኤለን ይከተል። ፖርት ኤለን አስቀድሞ ከተቀመሰ ምሽቱን ሙሉ ሌላ ነገር አይሰማም። የሁለቱም የድሮ ክምችት ብርቅ ነው፤ ፖርት ኤለን በ1983፣ ሮዝባንክ በ1993 ተዘግተው እንደገና ሥራ የጀመሩት በቅርቡ ነው።

ውስኪን እንደ ወይን አጋድሞ ማስቀመጥ ቡሹን ያስበላል። እኔ አንዱን ስከፍት ቡሹ እጄ ላይ ፈርሶ ግማሹ ውስጥ ገባ፤ በሻይ ማጥለያ አጥልዬ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። አሮጌ ከመክፈቴ በፊት ማጥለያውን አጠገቤ ማድረግ የለመድኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የቀረው ትልቁ ነው፤ ጠርሙሱን ማመን። በ2017 አንድ እንግዳ ስዊዘርላንድ በሚገኝ ሆቴል የ1878 ማካላን (ስመ ጥር የስኮትላንድ ውስኪ) ነው ለተባለ አንድ መለኪያ 9,999 ፍራንክ ከፈለ። ሲመረመር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ቅይጥ ውስኪ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት የስኮትላንድ ቤተ ሙከራ ከመረመራቸው 55 ብርቅ ጠርሙሶች 21ዱ ሐሰተኛ ወይም በተጻፈባቸው ዓመት ያልወጡ ነበሩ። አንድ የ1926 ማካላን በ2023 ለንደን ላይ በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲሸጥ ያየ አጭበርባሪ፣ ባዶ ጠርሙስ ቢፈልግ አይገርምም። ስለዚህ ያለቀውን ለቆራሌ ከመስጠቴ በፊት መለያ ወረቀቱን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ እልጠዋለሁ።