የምንደግፈው ሾፌር ሲቀጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ውድድሩን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ትንፋሻችንን ውጠን አይተናል። የኛ ሰው እየመራ ነው። ድንገት በስክሪኑ ጥግ ላይ "የ5 ሰከንድ ቅጣት" የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ሰከንዱን ሾፌሩ ፒት (መኪናው ጎማ የሚቀይርበት ቦታ) ውስጥ ቆሞ ይጨርሰዋል፣ አለዚያ በመጨረሻው ሰዓቱ ላይ ይደመርበታል። በዚህ ሰዓት ደሙ የማይፈላ የፎርሙላ ዋን ደጋፊ የለም። እኔም እናደዳለሁ። ቅጣት ሁሉ ትክክል ነው ብዬም አላምንም። ግን በንዴት ሰዓት የምንደጋግማቸው ስህተቶች አሉ። ትክክለኛ ቅሬታ ሲኖረን እንኳን ሰሚ የሚያሳጡን እነሱ ናቸው።

በአጭር ቪዲዮ መፍረድ

በእንግሊዝ የተካሄደውን የ2025ቱን የሲልቨርስተን ውድድር እናስታውስ። ትራኩ እርጥብ ነው። የማክላረኑ ኦስካር ፒያስትሪ ይመራል፣ ሴፍቲ ካሩ (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ሁሉንም በዝግታ የሚመራው መኪና) ትራኩን ለቆ ሊሄድ ነው። ፒያስትሪ ፍሬን ያዘ። ከኋላው የነበረው ማክስ ቨርስታፐን ደግሞ ሳያስበው ጎኑ ደረሰ። ፒያስትሪ 10 ሰከንድ ተቀጣ። ውድድሩን የቡድን ጓደኛው ላንዶ ኖሪስ አሸነፈ፣ እሱ ሁለተኛ ወጣ።

ቪዲዮውን መጀመሪያ ሳየው "ይሄ ደግሞ ምኑ ያስቀጣል?" ነው ያልኩት። ሴፍቲ ካሩ መብራቱን ካጠፋ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት የሚመራው ሾፌር ነው። ብዙ ሰውም የተከራከረው በዚሁ ነበር።

ከዚያ የዳኞቹን የጽሑፍ ውሳኔ አነበብኩት። ፒያስትሪ ቀጥ ባለው መንገድ መሃል ላይ በሰዓት ከ218 ኪሎ ሜትር ወደ 52 ነው የወረደው። ፍሬኑን ምን ያህል እንደረገጠው ሳይቀር በቁጥር ተቀምጧል። ደንቡ ደግሞ ፍጥነቱን መወሰን ይፈቅድለታል እንጂ ድንገት ፍሬን መያዝን ወይም ድንገት ነዳጅ መስጠትን አይፈቅድለትም። ማክላረን በበኩሉ የቨርስታፐን አነዳድ ነገሩን ከሆነው በላይ አክፍቶታል ብሎ ተከራክሯል። እኔ እስካሁን ቅጣቱ በዝቷል ባይ ነኝ። "ምንም አላጠፋም" ማለቱን ግን ትቻለሁ።

ዳኞቹ የሚያዩት እኛ የምናየውን ብቻ አይደለም። ከየመኪናው ላይ ያለውን ካሜራ ያያሉ፣ የፍሬኑን፣ የነዳጁንና የመሪውን መረጃ ይመረምራሉ፣ ሾፌሩና ቡድኑ የሚነጋገሩበትን ሬድዮ ያዳምጣሉ። ውሳኔያቸውም በጽሑፍ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። አንብቦ መጨቃጨቅ ይሻላል።

ቅጣቱን በጉዳቱ መጠን መለካት

ሲልቨርስተን ላይ እንቆይ፣ ግን ወደ 2021 እንመለስ። በመጀመሪያው ዙር ኮፕስ በተባለው ኩርባ ላይ ሉዊስ ሃሚልተንና ቨርስታፐን ተነካኩ። ቨርስታፐን ከመከላከያው ጋር በ51 ጂ (የመሬት ስበትን 51 እጥፍ በሚያህል) ኃይል ተላተመና ሆስፒታል ገባ። ሃሚልተን 10 ሰከንድ ተቀጣ፣ ቅጣቱን ጨርሶም ውድድሩን አሸነፈ። የቨርስታፐን ደጋፊዎች ንዴት ይገባኛል። አንዱ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ሌላው መድረክ ላይ።

ዳኞቹ ግን የሚመዝኑት ድርጊቱን ነው፣ መዘዙን አይደለም። ያው ንክኪ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ የተነካው መኪና ዞሮ ሣር ላይ ቆሞ ይቀር ይሆናል። ጥፋቱ ግን ያው ነው። ይህ አሠራር ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። አለዚያ ቅጣቱን የሚወስነው የግንቡ ርቀት ይሆናል። ፈጣን መኪና ያለው ሰው 10 ሰከንዱን በቀላሉ ማካካሱ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ክርክር ካነሣን እሱ ላይ ብናነሣ መልካም ነው።

የማይመለከተውን ሰው መስደብ

የውድድሩ ዳይሬክተርና ስቱዋርዶቹ፣ ማለትም ዳኞቹ፣ አንድ አይደሉም። ዳይሬክተሩ የተፈጠረውን ነገር ለዳኞቹ ይመራል፣ ቅጣቱን የሚወስኑት ስቱዋርዶቹ ናቸው። እነሱም ከውድድር ውድድር ይቀያየራሉ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የቀድሞ ተወዳዳሪ አብሯቸው ይቀመጣል። ስለዚህ "ያ ሰውዬ ጠምዶት ይዞታል" የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ አድራሻ ነው።

ነገሩ ከወሬ ሲያልፍ ደግሞ ያስፈራል። በ2021 የአቡዳቢ ውድድር ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው ኒኮላስ ላቲፊ የተባለ ሾፌር ከግንብ ጋር ተጋጨ። ሴፍቲ ካር ወደ ትራኩ ገባ፣ የዋንጫው ዕጣም በዚያው ተቀየረ። ውድድሩ እንዴት ይቀጥል የሚለውን የወሰነው ላቲፊ አልነበረም። የግድያ ዛቻው የጎረፈው ግን ወደ እሱ ነው። ጥፋቱ መኪና መጋጨቱ ብቻ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

"ባለፈው እኮ እንትና አልተቀጣም!"

ይህ ከቅሬታዎች ሁሉ ጠንካራው ነው፣ ግን በአግባቡ ሲቀርብ ብቻ። በ2023 ጅዳ ላይ ፈርናንዶ አሎንሶ ሦስተኛ ወጥቶ መድረክ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ 10 ሰከንድ ተጨመረበትና ቦታውን ተነጠቀ። ምክንያቱ ቀደም ሲል የተጣለበትን ቅጣት ፒት ውስጥ ቆሞ እየጨረሰ ሳለ የኋላው ጃክ (መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው መሣሪያ) መኪናውን መንካቱ ነው። ይህ እንደ ሥራ ተቆጠረ፣ ቅጣት ሳያልቅ ደግሞ መኪና ላይ መሥራት ክልክል ነው። ቡድኑ አስተን ማርቲን አልጮኸም። ከዚያ በፊት ጃክ መኪና ነክቶ ማንም ያልተቀጣባቸውን ሰባት አጋጣሚዎች በቪዲዮ አቀረበ። ውሳኔው ተሻረ፣ አሎንሶም ሦስተኛነቱን አገኘ።

እኛ ግን ስናነጻጽር የመጀመሪያውን ዙር ግርግር ከ40ኛው ዙር ፍልሚያ ጋር እናምታታለን። በመጀመሪያው ዙር ዳኞቹ ላላ ይላሉ። መመሪያውም በየጊዜው ይሻሻላል። ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የአነዳድና የቅጣት መመሪያዎቹን በ2025 ለሕዝብ ይፋ አድርጓል፣ ስለዚህ አላየሁም ማለት ከእንግዲህ አያዋጣም።

ሬድዮውን እንደ ምስክር ቃል መውሰድ

ሾፌሩ "ገፍቶ አስወጣኝ!" ብሎ ሲጮኽ ዳኞቹም እንደሚሰሙት ያውቃል። ግማሹ አቤቱታ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

"ለምን ይግባኝ አይሉም?"

ውድድር ላይ የሚጣል የሰከንድ ቅጣት ይግባኝ አይባልበትም። ያለው መንገድ ድጋሚ እንዲታይ መጠየቅ ነው። ለዚያም በውሳኔው ሰዓት ያልነበረ አዲስና ክብደት ያለው ማስረጃ ያስፈልጋል። አስተን ማርቲን የገባው በዚህ በር ነው። ፌራሪ ደግሞ ሾፌሩ ሴባስቲያን ቬትል ከተቀጣበት ከ2019ኙ የሞንትሪያል ውድድር በኋላ በዚሁ በር ሞክሮ አልተሳካለትም። ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ የቴሌቪዥን ተንታኝ የሠራው ቪዲዮ ነበር። ዳኞቹ ይህ የሌላ ሰው የግል አስተያየት ነው ብለው አልተቀበሉትም።

ተቃውሞውን በተፎካካሪው ላይ ማውረድ

ያ የሞንትሪያል ውድድር ከልቤ አይወጣም። በ48ኛው ዙር ቬትል እየመራ ሳለ ተንሸራቶ ሣር ውስጥ ገባ። ሲመለስ ሃሚልተንን ወደ ግንቡ አጠበበው፣ ሃሚልተን ፍሬን ያዘ። ቬትል 5 ሰከንድ ተቀጣ። መስመሩን ቀድሞ ያለፈው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ስለነበር ድሉ ለሃሚልተን ሆነ።

ቬትል መኪናውን ሌላ ቦታ አቁሞ በእግሩ ሄደ። በኋላ ተመልሶ ከሃሚልተን መኪና ፊት የቆመውን የ"1" ቁጥር ሰሌዳ አነሣና የራሱ መኪና ሊቆምበት ይገባ በነበረው ባዶ ቦታ አስቀመጠው። "2" ቁጥሩን ሃሚልተን መኪና ፊት አቆመው። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። ከዚያ ሃሚልተን መድረክ ላይ ሲወጣ ያው ሕዝብ ተቃውሞውን አወረደበት።

ማይክራፎኑ ለቬትል ሲደርስ ከማንም በላይ የተናደደው እሱ ነበር። ሕዝቡን ግን ሃሚልተን ላይ አትጩሁ፣ መጮኽ ካለባችሁ በውሳኔው ላይ ጩኹ አላቸው።