ቁጥሩ እንደገና ከ1 የጀመረ ኮሚክ አሰባሰብ
ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ የቆዩ ኮሚኮችን (በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚተርኩ መጽሔቶችን) የሚያስመጣ ሰብሳቢ «ቁጥር 5 ግዛልኝ» ብሎ ብቻ ማዘዝ የለበትም፤ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ተከታታዮች ቁጥራቸውን ደጋግመው ከ1 ስለሚጀምሩ በአንድ ርእስ ሥር ብዙ «ቁጥር 5» ሊኖር ይችላልና። እኔም ይህን ሳላጣራ ያለኝን እትም መልሼ ገዝቻለሁ።

የአሜሪካው ኮሚክ አሳታሚ ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2011 52 ተከታታዮችን በቁጥር 1 ሲያወጣ፣ ከነዚህ አንዱ የሆነውና እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የታተመው አክሽን ኮሚክስ 904 ላይ ቆሞ እንደ አዲስ ከ1 ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን በአዲሱ ቁጥር የወጡት የዚሁ ተከታታይ 52 እትሞች በአሮጌው ቁጥር ላይ ተደምረው በ957 ቀጠለ። ስለዚህ በመዝገብዎ ርእሱን፣ ቅጹን (ከ1 የጀመረው ስንተኛው ዙር እንደሆነ)፣ ቁጥሩንና ዓመተ ምሕረቱን አብረው ይጻፉ፤ እነዚህንም ከሽፋኑ ይልቅ በውስጥ ገጽ በደቃቅ ፊደል ከታተመው የኅትመት መግለጫ ይውሰዱ። ሲደረድሩም አዲሱን ቅጽ በ904 እና በ957 መካከል ያስገቡት።

አዲስ ቁጥር 1 ብዙውን ጊዜ በብዛት ስለሚታተም፣ «ዋጋው ይጨምራል» ብለው ደርበው አይግዙ። ተከታታዩ ከመቋረጡ በፊት የወጡት የመጨረሻ እትሞች ግን ገዢ በቀነሰበት ወቅት በጥቂቱ የታተሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በመጀመሪያ መፈለግ ያለባቸው እነርሱ ናቸው።