የወባ ክትባት ጥናት ሲወጣ ፐርሰንቱን እንዴት ነው ማንበብ ያለባችሁ

የወባ ክትባት ዜና በወጣ ቁጥር ቴሌግራም ላይ የሚዞረው አንድ ቁጥር ነው፣ ወይ «75% ይከላከላል» ወይ «36% ብቻ ነው አይረባም»፣ ከዛ ኮመንት ላይ ጭቅጭቅ ይጀመራል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ምንም አይነግራችሁም። የጥናቱን አብስትራክት (መጀመሪያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ) ከፍታችሁ የሚከተሉትን ነገሮች ፈልጉ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ ሳይንቲስት መሆንም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ክትባቱ ፓራሳይቱን (ወባ አምጪውን ተውሳክ) የሚያገኘው የት ላይ እንደሆነ እዩ። ትንኟ ስትነክስ የምትለቀው ስፖሮዞይት የሚባለውን ነው፣ እሱ ብዙም ሳይቆይ ጉበት ይገባል፣ እዛ ሳምንት ገደማ ይራባና በሺዎች ሆኖ ወደ ደም ይወጣል፣ ትኩሳቱና ብርድ ብርዱ የሚመጣው ከዛ በኋላ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ እየገባ እያፈነዳቸው ሲወጣ ነው። ቁጥራቸው የሚዞረው ሁለቱ የወባ ክትባቶች፣ አርቲኤስኤስም አር21ም፣ የተሰሩት ስፖሮዞይቱን ከላይ ከሚሸፍነው ሲኤስፒ ከሚባለው ፕሮቲን ቁራጭ ነው፣ ስለዚ ስራቸው ጉበት ላይ ሳይደርስ ማስቀረት ነው፣ ጥቂት እንኳን ካመለጡና ደም ውስጥ ከወጡ ክትባቱ እነሱን አያውቃቸውም። አርኤች5 ላይ የሚሰሩት ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የያዙት፣ ፓራሳይቱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት የሚጠቀምበትን ፕሮቲን ነው ኢላማ ያደረጉት፣ ቡርኪናፋሶ ውስጥ ህፃናት ላይ ተሞክሮ 2024 ላይ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ወጥቷል። ሁለቱን አይነት በአንድ ሚዛን አታስቀምጡ፣ እኔ በግሌ የወደፊቱ ክትባት ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ቀጥሎ «ታመመ» የተባለው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ይሄን ብዙ ሰው ያልፈዋል። በትልልቆቹ የአርቲኤስኤስና የአር21 ጥናቶች ዋናው መለኪያ ትኩሳቱ 37.5 እና ከዛ በላይ ሆኖ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ5000 በላይ ፓራሳይት የተገኘበት ልጅ ነው። በደም ምርመራ ፓራሳይት ታይቶ ትኩሳት የሌለው ልጅ በዚ መለኪያ አይቆጠርም፣ ስለዚ 75% ማለት 75% ልጆች ወባ አይዛቸውም ማለት አይደለም። እንዲ አስቡት፣ ክትባቱን ያልወሰዱ 100 ልጆች በአመት በድምሩ 200 ጊዜ ቢታመሙና የወሰዱት 100 ደግሞ 50 ጊዜ ቢታመሙ 75% ይባላል፣ የተቆጠረው የህመሙ ብዛት ነው።

ሶስተኛው ጊዜው ነው፣ እዚ ጋ ነው ትልቁ ስህተት የሚሰራው። የአርቲኤስኤስ 36% የመጣው ከ5 እስከ 17 ወር የሆኑ ልጆች አራት ዶዝ ወስደው አራት አመት ገደማ ከተከታተሏቸው በኋላ ነው፣ የአር21 75% ደግሞ ወባ በወቅት በሚመጣበት ቦታ፣ ክትባቱ ወቅቱ ሳይገባ ተሰጥቶ፣ በ12 ወር ውስጥ የታየ ነው። አርቲኤስኤስም በመጀመሪያው አመት ግማሽ ያህሉን ህመም ያስቀር ነበር እኮ፣ ከዛ ነው እየቀነሰ የሚሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት አንዱ ካንዱ ይበልጣል የሚያስብል ማስረጃ የለም ያለውም ለዚ ነው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተወዳድረው አልነበረም። አንድ ሰው ሁለቱን ቁጥር ደርድሮ ግራፍ ከሰራላችሁ እለፉት።

ፐርሰንቱን ወደ ልጆች ቀይሩት። በዛው 36% በተባለው ጥናት አራት ዶዝ በወሰዱ 1000 ልጆች ላይ 1774 የወባ ህመም ተከላክሏል። ከ1000 ይበልጣል? አዎ፣ ምክንያቱም ወባ በበዛበት ቦታ አንድ ልጅ በአመት ውስጥ ደጋግሞ ይታመማል። ጋና፣ ኬንያና ማላዊ ላይ 2019 የተጀመረው የሙከራ ስርጭትም ሲገመገም ክትባቱ በተሰጠባቸው አካባቢዎች እድሜያቸው ለክትባቱ በደረሰ ህፃናት መሃል ሞት 13% ያህል ቀንሷል፣ ሁሉም ልጅ ሳይከተብ። «36% አይረባም» የሚል ሰው ይሄንን ቁጥር ማየት አለበት፣ የእናቶች ለቅሶ ነው የቀነሰው።

ከምን ጋር እንደተወዳደረም እዩ። በነዚ ጥናቶች ውስጥ ሌላኛው ቡድን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው የተሰጠው፣ አጎበር ደግሞ ሁለቱም ወገን ነበራቸው። ስለዚ የምታነቡት ፐርሰንት በአጎበሩ ላይ የተጨመረ ነው፣ ክትባት ከመጣ አጎበር ይቅር የሚል ፖስት ካያችሁ እዛው አርሙት።

ወደ ኢትዮጵያ ስታመጡት ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። አንደኛ የትኛው ወባ? ሁለቱም ክትባቶች የተሰሩት ፋልሲፓረም ከሚባለው የወባ ፓራሳይት አይነት ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ቫይቫክስ የሚባለው ሌላ አይነትም አለ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ የሚያገረሸው፣ እሱን አይነኩትም። ሁለተኛ ማን ላይ ተሞከረ? ህፃናት ላይ። ክረምቱ ሲወጣ ከደጋ ወርዶ መተማና ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ የሚሄደው ወጣት በእነዚ ቁጥሮች ውስጥ የለም፣ እሱን የሚጠብቀው አሁንም አጎበር፣ ቶሎ መመርመርና መድሃኒቱን መጨረስ ነው። አንዳንድ ጥናት ደግሞ ጤነኛ የአሜሪካ ወይ የአውሮፓ አዋቂዎችን ሆን ብሎ ላቦራቶሪ ውስጥ ፓራሳይቱን በማስያዝ ነው የሚሰራው፣ ለጅምር ምርምር በጣም ይጠቅማል፣ ግን ወባ ደጋግሞ የያዘው ልጅ ሰውነት ሌላ ነው፣ ያንን ቁጥር ቀጥታ ወደ ገጠር አታምጡት።

ሼር ስታደርጉ ከቁጥሩ ጋር ይሄን ሁሉ በአንድ መስመር ፃፉ፣ ለምሳሌ፦ «አር21፣ ሶስት ዶዝ፣ ከ5 እስከ 36 ወር የሆኑ ልጆች፣ ወባ በወቅት የሚመጣበት ቦታ፣ በ12 ወር ውስጥ 75% ያነሰ ህመም፣ ፋልሲፓረም ብቻ፣ ከአጎበር ጋር»።