የእንጉዳይን ዘር ወረቀት ላይ እንዴት ማየት ይቻላል?

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲገባ በየአጥሩ ስር እንጉዳይ ብቅ ብቅ ይላል። ማታ ያልነበረው ጠዋት ጃንጥላውን ዘርግቶ ይገኛል። ዛሬ አንዱን ይዛችሁ ግቡ። አንድ ሌሊት ከጠበቃችሁት ዘሩን ያሳያችኋል።

አስቀድሜ ግን አደራ፦ የማታውቁትን እንጉዳይ አትቅመሱ። ቢቀቀልም መርዙ የማይጠፋ ዓይነት አለ። ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

መጀመሪያ ጃንጥላው በደንብ የተከፈተ፣ ግን ያልበሰበሰ እንጉዳይ ምረጡ። ስትነቅሉት ስሩን ቆፈር አድርጋችሁ እዩ። ከአፈሩና ከበሰበሰው ቅጠል ጋር የተጠላለፈ ቀጭን ነጭ ክር ልታገኙ ትችላላችሁ። ዋናው ፈንገስ እሱ ነው። እንጉዳዩ ፍሬው ብቻ ነው፤ የቡናው ዛፍ መሬት ውስጥ ተደብቆ ቀዩ ፍሬ ብቻ ብቅ እንዳለ ቁጠሩት። ፈንገስ ተክል ስላልሆነ ከፀሐይ ምግብ አይሠራም። ክሩ ኢንዛይም ይለቅና ቅጠሉን ወይም እንጨቱን ያሟሟል፣ ከዚያ ይመጠዋል። እኛ ከበላን በኋላ እንፈጫለን፣ እሱ ግን ፈጭቶ ነው የሚበላው።

ቀጥሎ እግሩን ከጃንጥላው ጋር እኩል አድርጋችሁ ቁረጡ። ጃንጥላውን ገልብጡት። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ንጣፎች አሉ። ዘሩ፣ ማለትም ስፖሩ፣ የሚሠራው እነሱ ላይ ነው።

አሁን ነጭና ጥቁር ወረቀት ጎን ለጎን አንጥፉ። ነጭ ስፖር ነጭ ወረቀት ላይ አይታይምና ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጃንጥላውን ንጣፎቹ ወደ ታች እንዲሆኑ መሃል ላይ አስቀምጡና ብርጭቆ ድፉበት። ነፋስ ከገባ ዱቄቱን ይበትነዋል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት አትንኩት።

ቀስ ብላችሁ ስታነሱት ከመሃል ወደ ዳር የተሰመሩ ስስ መስመሮች ታገኛላችሁ። ቀለሙ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ፤ በጣት ጫፍ የሚነሳው ዱቄት እልፍ አእላፍ ስፖር ነው። አንዱ እርጥበት ካገኘ ክር ያበቅላል። በአብዛኛው ባለ ጃንጥላ እንጉዳይ ግን አንድ ክር ብቻውን ፍሬ አያፈራም። የሚስማማውን ሌላ ክር አግኝቶ መዋሃድ አለበት። እርሾም ፈንገስ ነው፤ እሱ ግን በአብዛኛው እንዲህ አይለፋም። ከጎኑ ትንሽ እብጠት ያወጣል፣ እብጠቷ ተገንጥላ ራሷን የቻለች እርሾ ትሆናለች። የእንጀራ ሊጣችን ውስጥ እርሾ አለ፤ ጠላችንም ያለ እሱ ጠላ አይሆንም።

ለጅማ ሰው ደግሞ ፈንገስ የቡና ጉዳይ ነው። የቡና ሥር ከፈንገስ ክር ጋር ተሻርኮ ከአፈር ፎስፈረስ ያገኛል። ገና አረንጓዴ ፍሬውን አጥቁሮ የሚያረግፈው የቡና ፍሬ በሽታም ፈንገስ ነው። 74110 እና 74112 የምንላቸው የቡና ዝርያዎች የተመረጡት ይህን በሽታ እንዲቋቋሙ ነው።

ወረቀቱን አትጣሉት። ቀኑንና እንጉዳዩን ያገኛችሁበትን ቦታ ጻፉበት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከቡና ጥላ ስር ሌላ አምጡና ቀለማቸውን አስተያዩ።